ሌባ እንዳይገባ ተብሎ ባለቤቱ ደጅ ስለቀረበት ኔትወርክ

ይድረስ ለተከበሩ የኔትወርክ አገልግሎት ድርጅቱ የደንበኞች ጉዳይ ኃላፊ፣
ባሉበት፣ ማለትም ከመስታወቱ በስተጀርባ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ልጆችዎ፣ ያ የሚሽከረከረው ወንበርዎ ሁሉም ደህና ናቸው ወይ? ስለ እኔ ከቶ አያስቡ። እኔ በድርጅትዎ መልካም ፈቃድ ከሌባ፣ ከአጭበርባሪ፣ ከቫይረስ፣ ከዘመድና ከወዳጅ ሁሉ ተጠብቄ፣ በገዛ ቤቴ ውስጥ እንደ ታሸገ ቆርቆሮ በፍጹም ደህንነት እገኛለሁ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ላይ እንዲወጣልኝ የለመንኩት ከድፍረት አይደለም። ቀደም ሲል በፖስታ አሽጌ፣ በእጄ ይዤ መጥቼ ለመስኮቷ ልጅ ብሰጣት፣ "አባባ፣ ወረቀት መቀበል ትተናል፤ በኢንተርኔት ይላኩልን" ስላለችኝ ነው። ኢንተርኔት የለኝም የሚለውን ደብዳቤ በኢንተርኔት የመላክ ጥበብ እስኪገለጥልኝ ድረስ፣ አንባቢው ሁሉ እየሰማ ብናገር ይሻላል ብዬ ነው።

አጻጻፌ ከተንጋደደብዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ "እሱ 'ሀ' ነው ወይስ የተሰበረ ወንበር?" እያለች እየተቆጣች ነው ያስቆጠረችኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በቧንቧ ሥራ ነው። ቢሆንም ሌላ ሰው ይጻፍልኝ የምል አይደለሁም። የራሴን ስድብ፣ ይቅርታ፣ የራሴን ምስጋና ራሴ እጽፋለሁ።

ነገሩ ከሥሩ እንዲገባዎ እህቴን ላስተዋውቅዎ። ታላቄ ናት፤ እታለም እላታለሁ፤ ስላት ግን አንድም ቀን ሰምታኝ አታውቅም፣ ጆሮዋ ከተወለደች ጀምሮ አይሰማም። እናታችን ቀድማን ስለሄደች በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የእጅ ቋንቋ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በኛ ደጅ አላለፈም፤ እናም ሁለታችን ቋንቋችንን ራሳችን ሠራነው። ዝናቡም፣ ዳቦውም፣ ቁጣውም፣ ሐሜቱም የራሱ ምልክት አለው። የማንወደው አጎታችን ሲመጣ አፍንጫን ወደ ላይ መግፋት ነው። የኔ ስም ደግሞ ጆሮን ይዞ መጎተት ነው፤ ለምን እንደሆነ ፊቴን ያየ ሰው አይጠይቅም። ይህን ቋንቋ ከእኛ ሌላ የምታውቅ ባለቤቴ ብቻ ነበረች። እሷ ካለፈች ወዲህ በዚህች ምድር ላይ ቋንቋውን የምንናገር እኔና እታለም ብቻ ቀርተናል።

እታለም አሁን የምትኖረው ከዚህ በጣም ርቃ፣ የአጎታችን የልጅ ልጅ ከሆነች መምህርት ዘንድ ነው። መምህርቷ ደግ ልጅ ናት፤ ግን በቅርብ ነው የወሰደቻት፣ በእጇ የምታውቀው "ብዪ"፣ "ተኚ" እና "ታጠቢ" ብቻ ነው። የቀረውን፣ ማለትም ኑሮውን በሙሉ፣ እታለም የምታወራው እሑድ እሑድ ከኔ ጋር፣ ባለቤቴ ጥላልኝ በሄደችው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነበር። እሷ በዚያ በመምህርቷ ኮምፒውተር ፊት፣ እኔ በዚህ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ሁለት እጃችንን ነፃ አድርገን እንጫወት ነበር። ነበር ነው የምልዎ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ። ሳልጠራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የላካችሁት ባለሙያ፣ መሰላል ተሸክሞ ስለመጣ ባለ መሰላሉ እለዋለሁ፣ መሰላሉን አንድም ጊዜ ሳይወጣበት ኮሪደሩ ላይ አጋድሞ፣ "ፋዘር፣ የእርስዎ ኔትወርክ እኮ በር የሌለው ቤት ነው! ያለፈ ያገደመ ይገባበታል!" አለኝ። እውነቱን ነው። ባለቤቴ ቁልፍ አታበጅለትም ነበር፤ ከታች ያለችው ልብስ ሰፊም፣ ከፎቅ ያለው ጡረተኛም ይጠቀሙበት ነበር። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን የሚያንጠባጥብ ነገር ስዘጋ የኖርኩ ሰው ነኝና ክፍት ነገር ያሳክከኛል። ዝጋው አልኩት። አሮጌውን ሳጥን ነቅሎ ቦርሳው ከተተና ቀንዳም አዲስ ሳጥን ሰቀለልኝ፤ "ከዛሬ ጀምሮ እንኳን ሌባ ዝንብ አይገባም" ብሎኝ ሄደ። ቃሉን የጠበቀ ሰው ነው፤ እኔም አልገባሁም።

ሁለተኛ። ስለ ይለፍ ቃሉ ላመስግን። ከሳጥኑ ሆድ ሥር፣ ሰው በጉልበቱ ተንበርክኮ ካላየ በማይታይበት ቦታ፣ በባዕድ ፊደል ጽፋችሁልኛል። ትልቁ ፊደል ከትንሹ ይለያል አሉኝ፤ ባዶ ዜሮው ከክቧ ፊደል ይለያል አሉኝ፤ እኔ የራሴን ፊደል በግድ የለየሁ ሰው ተንበርክኬ፣ በማጉያ መነጽር እያየሁ፣ በአንድ ጣቴ እየጠቀጠቅሁ እሑዴን ጨረስኩ። ላፕቶፑ የኔትወርኩን ስም ያያል፤ ቃሉን ይቀበላል፤ ትንሽ ክብ ነገር ያሽከረክራል፤ ከዚያ መገናኘት አልቻልኩም ይላል። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ራሴን ስረግም ሰነበትኩ። በኋላ ባለ መሰላሉ ተመልሶ መጥቶ በአሥር ጣቱ ጻፈው፤ እሱንም አልቻልኩም አለው። ያን ጊዜ ደስ ያለኝን ደስታ አይጠይቁኝ።

ወዲያው ግን "ፋዘር፣ ሳጥኑ አዲሱን ዓይነት ጥበቃ ነው የሚጠቀመው፣ ይሄ ላፕቶፕ የሚያውቀው የድሮውን ነው። አይግባቡም። ለሙዚየም ይስጡት!" ብሎ ሳቀ። በኛ ሙያ አሮጌ ቧንቧ ከአዲሱ ጋር አልገጥም ቢል መሃል ላይ ማገናኛ ይገባል እንጂ ባለቤቱን ውሃ መጠጣት ይተው አንለውም ብዬ ብቆጣው፣ እሱም አንገቱን እያከከ ሳጥኑ አሮጌውንም አዲሱንም አብሮ የሚቀበልበት ማስተካከያ እንዳለው፣ ግን ይህን መንካት የሚችለው ቢሮአችሁ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ይህን ሳይናገር ሊሄድ ነበር እኮ፣ ክቡር ሆይ! መሰላሉን አንሥቶ ነበር።

መቼም እርስዎ ብልህ ሰው ነዎትና "ለምን በገመድ አይሰካውም?" ይሉ ይሆናል። የገመዱ መሰኪያ ባለቤቴ አንዴ ከጠረጴዛ የጣለችው ጊዜ ጥርሱ ረግፏል። "ለምን በስልክ አይደውልም?" ይሉ ይሆናል። የኔ ስልክ ቁልፍ የሚጫኑት ነው፤ ድምፅ እንጂ መልክ አያመጣም፣ ለእታለም ደግሞ ድምፅ ምኗ ነው? ልብስ ሰፊዋ የራሷን ስልክ አውሳኝ ነበር። በእጄ ብይዘው በቀረው አንድ እጅ ግማሽ ዲዳ ሆንኩ፤ ከስኳር ዕቃው ጋር ባስደግፈው፣ በዚያች የክብሪት ሳጥን በምታህል መስታወት የእህቴ ጣቶች እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳሉ እንጂ ለዓይኔ ቃል አልሆን አሉ። ራሴ ልሂድ እንዳልል ደግሞ ሐኪሙ ረጅም መንገድ ከልክሎኛል። እንግዲህ መውጫዬን ሁሉ አንድ በአንድ ዘግቼ አሳየሁዎ፤ በዚህ ሥራ እናንተም ሳታግዙኝ አልቀራችሁም።

ሦስተኛ። በቢሮአችሁ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ቃል ያንሰኛል። ወንበሩ ለስላሳ ነበር፤ ስጠባበቅ ብዙ ጊዜ ስለሰጣችሁኝ በደንብ አውቀዋለሁ። የመስኮቷ ልጅ በትሕትና ስሜን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። "መስመሩ በእርስዎ ስም አይደለም፣ በባለቤትዎ ስም ነው፤ እሳቸው ይምጡና ይፍቀዱ" አለችኝ። እሷ አርፋለች ብላት ከልቧ ነፍስ ይማር ብላ ስታበቃ፣ እንግዲያውስ የማረጋገጫ ቁጥር በሟች ስልክ ይላካል አለችኝ። የሟችን ስልክ ቁጥር ለደህንነት ሲባል የዘጋችሁት እናንተው ናችሁ። እንግዲያውስ መስመሩ በስሜ ይዛወር አልኩ። ይቻላል አለች፤ እንዲያውም ቀላል ነው አለች፤ የማዛወሪያው ገጽ ግን፣ አጭበርባሪ እንዳይገባበት፣ ከራሱ ከደንበኛው ቤት ኔትወርክ ካልሆነ በቀር አይከፈትም።

ይህን እንደ ሰው ቋንቋ ላስቀምጥልዎ፤ ወደ ቤቴ ኔትወርክ ለመግባት ስም ማዛወር አለብኝ፤ ስም ለማዛወር አስቀድሜ ወደ ቤቴ ኔትወርክ መግባት አለብኝ። ልጅቷን "የኔ ልጅ፣ እንደው ለእግዜር ብለሽ፣ አሁን የነገርሽኝ ነገር ለራስሽ ገብቶሻል?" አልኳት። ግራ ቀኝ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "አባባ፣ እኛም አልገባንም፤ እንዲሁ ነው የምንለው" አለችኝ። እባክዎ አይቅጧት። በዚያ ሕንፃ ውስጥ እውነት ሲነገር የሰማሁት ከእሷ ብቻ ነው።

አራተኛ። በቁሜ ስላስለቀሳችሁኝ ሳይሆን፣ በቁሜ ስላስለቀሳችሁልኝ አመሰግናለሁ። እኔ በዚህ ከክቧ ፊደል ጋር ስታገል እታለም በዚያ እሑድ በመጣ ቁጥር ፀጉሯን ተበጥራ ባዶ መስታወት ፊት ትቀመጥ ነበር። ከዚህ በፊት ከዚያ መስታወት ላይ የጠፋ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ባለቤቴ ናት። ከጎኔ ተቀምጣ አብራን ታወራ የነበረች ሴት አንድ እሑድ አልነበረችም፤ ከዚያ በኋላም አልመጣችም። እንግዲህ እህቴ ከዚያ መስታወት መጥፋት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። መምህርቷ "ብዪ" እና "ተኚ" በሚሉ ምልክቶች የኔትወርክን ነገር ለማስረዳት እጇ እስኪዝል ደከመች። እታለም ግን አይታ አይታ፣ ተነሥታ ሣጥኗን ከፈተችና ጥቁር ለበሰች። የኔን ሐዘን ተቀመጠች። እኔ በዚህ ምሳዬን እየበላሁ በዚያ ተለቅሶልኛል። ከየት የተላከ እንደሆነ የማላውቅ ዘመድ ሁሉ ማጽናኛ ይዞ መጥቶ ነበር አሉ፤ መምህርቷ በር ላይ ቆማ "አልሞቱም እኮ፣ ኔትወርክ ነው!" እያለች ትመልስ ነበር።

አምስተኛውን ምስጋና ለእናንተ ሳይሆን ለልብስ ሰፊዋ ነው የማቀርበው፣ እንዳይከፋችሁ። የኔ ኔትወርክ ከተቆለፈባት በኋላ የራሷን አስገብታ ኖሯል፤ እንደ ባለቤቴ ቁልፍ ሳታበጅለት። አንድ ቀን በሬን አንኳኩታ "ጋሼ፣ እትዬ ስንት ዘመን አጠጥታኝ እኔ እርስዎን ላስጠማ? ደረጃው ላይ ቢወርዱ የኔው ይደርስዎታል" አለችኝ። እኔ የሰው ነገር መቀበል የማልወድ ሰው ነኝ፤ ሰባት ጊዜ እምቢ አልኩ፣ ሰባቱንም ጊዜ በልቤ እሺ እያልኩ። በመጨረሻ ላፕቶፑን ታቅፌ ወርጄ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ ከጉልበቴ ላይ ከፈትኩት። ቁልፍ የለበትምና አንዴ እንኳን ሳያንገራግር ገባ! እታለምም በጥቁር ሻሽ ተጠቅልላ ብቅ አለች።

ክቡር ሆይ፣ የሞተ ወንድሟን ያየች ሴት ፊት ምን እንደሚመስል ለእርስዎ ለመጻፍ የተማርኩት ፊደል አይበቃኝም። ሻሿን ከራሷ ላይ ገፍፋ ጣለችው። ጆሮዋን ይዛ ጎተተች፣ ጎተተች፣ ጎተተች፤ ስሜን መጥራቷ ነው። ከዚያ ሰደበችኝ፤ እጇ እንደ ወፍጮ እየዞረ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ያጠፋሁትን ሁሉ እያነሣች ሰደበችኝ፤ እኔም እንደዚያ ቀን ስድብ ጣፍጦኝ አያውቅም። ሲወጣላት ግን ዓይኗ ከኋላዬ ወዳለው ደረጃ ሄደ። ለምን ደረጃ ላይ ተቀመጥክ? አለችኝ።

በኛ ቋንቋ ኔትወርክ የሚባል ምልክት የለም። ደህንነት የሚባልም የለም። ያለንን ቃል ሰብስቤ፣ ሰዎች መጡ፣ በር ዘጉ፣ ቆለፉ፣ ቁልፉ እነሱ ዘንድ ነው፣ መስታወት አለ፣ መስኮት አለ፣ ብለምንም አልከፈቱልኝም አልኳት። ፊቷ ጠቆረ። ከቤትህ አስወጥተውሃል? አለችኝ። የለም የለም፣ አልጋዬ እቤት ውስጥ ነው፣ የምተኛውም እዚያው ነው፣ ብቻ አንቺን ለማየት ደጅ መውጣት አለብኝ ብዬ ላርም ሞከርኩ። እጄ መሃል ላይ ቆመ። ያረምኩትን መልሼ ሳየው እሷ ካለችው በምኑም አይለይም። ጆሮዋ የማይሰማ፣ ፊደል የማትለይ ሴት ነገሩን በአንድ አፍታ ጨብጣዋለች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው።

በማግስቱ መምህርቷ በቁልፍ ስልኬ ደወለች። "አጎቴ፣ ምን ብለዋት ነው? ሻንጣዋን ሸክፋ በር ላይ ተቀምጣለች! ብጎትታት አትነሣም፣ ምግብ ብሰጣት ለመንገድ ትቋጥረዋለች!" እህቴ ወንድሜ ደጅ ተጥሏል ብላ ልታነሣኝ ልትመጣ ነው። እግሯ እንደ እንጨት ደርቋል፤ መኪና ሲመጣባት ጥሩምባውን አትሰማም፤ በየመናኸሪያው መንገድ ጠይቃ የምትረዳው ሰው የለም። አትምጪ ብሎ ሊያስቀራት የሚችል ሰው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱንም ፊት ለፊት እያየችኝ፣ በሁለት እጄ።

ወዲያው ላፕቶፑን ታቅፌ ወደ ደረጃው ወረድኩ። ስድስተኛው ምስጋናዬ ይኸው ነው። ባለ መሰላሉ ከልብስ ሰፊዋ ቤት እየወጣ ነበር። ቀንዳሙን ሳጥን ሰቅሎላት፣ መሰላሉን በትከሻው ይዞ፣ "አይዞዎት ፋዘር፣ እሷንም ጠበቅናት!" አለኝ። ልብስ ሰፊዋ ከኋላው ቆማ እጇን አፏ ላይ ጭናለች፤ እኔን ለመርዳት ፍጥነት ይጨምርልኝ ብላ ደውላ እሷው ናት የጠራችው። ላፕቶፑን ከፈትኩ። ስሙን አየ፣ ቃሉን ተቀበለ፣ ክቡን አሽከረከረ፣ አልቻልኩም አለ።

ስለዚህ የተከበሩ ኃላፊ፣ ካሳ አልጠይቅዎም፣ አዲስ ላፕቶፕ አልጠይቅዎም፣ ይቅርታችሁንም ለሚያስፈልገው አስቀምጡት። አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ከወንበርዎ ሳይነሡ፣ ያንን አሮጌውንም አዲሱንም አብሮ የሚያስገባውን ማስተካከያ ይንኩልኝ። በሟች ባለቤቴ ስም ቢሆን፣ በልብስ ሰፊዋ ስም ቢሆን፣ በራስዎ ስም ቢሆን ግድ የለኝም። እህቴን ተቀመጪ ብያት እስክጨርስ ብቻ ይክፈቱልኝ፤ ከዚያ በኋላ ከፈለጋችሁ ከነሕይወቴ ቆልፉብኝ።

ጤናና ዕድሜ፣ የማይቋረጥ መስመርና የማይነቃነቅ ሥልጣን እየተመኘሁልዎ፣ ከጠባቂዎቼ የሚጠብቀኝ ያጣሁ፣ ምስጋናዬ ግን ያላለቀ፣ ታዛዥ ደንበኛዎ ሳልሆን የታዛዥ ደንበኛዎ ባል፣

የቀድሞው ቧንቧ ሠራተኛ፣
ከነላፕቶፑ፣ ከደረጃው ላይ።

ከፊርማዬ በኋላ የመጣ፦ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ላደርስ ጫማዬን ሳስር መምህርቷ ደወለች። ክፍል ገብታ ስታስተምር እታለም ሄዳለች። አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ያየ ሰው አለ፤ በእጇ መስታወትና ቁልፍ እየሣለች ታሳየው ነበር አሉ። ወደ እኔ ቤት እንዳይመስልዎ፤ ባለ መስታወቱን ሕንፃ፣ መስኮቱን፣ ቁልፉን የያዙትን ሰዎች ደረጃው ላይ አንድ በአንድ ሥዬ ነግሬያታለሁና በቀጥታ ወደ እናንተ ናት። እኔም ከመናኸሪያው ልቀበላት እየወጣሁ ነው፤ ካገኘኋት አብረን እንመጣለን። የመስኮቷን ልጅ አደራ ያስጠንቅቁልኝ፦ እህቴ በዕድሜዋ ሙሉ "አይቻልም" የሚለውን ቃል አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም።